ስለ ማጥፋትና ስለ ማረም

የቀድሞ ሰዎች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። እኔም በመምህርነት ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ ይህን አነጋገር ለተማሪዎቼ ስደጋግመው ኖሬአለሁ። ዳሩ ግን አሁን በ66 ዓመቴ አንድ ነገር ልጨምርበት እወዳለሁ። ይኸውም፣ የተጻፈ ነገር የሚወረሰው ልንወርሰው በወደድን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እንዲጠፋ ፈልገን በጣልነውም ጊዜ ተመልሶ ይመጣና «ባለቤቴ አንተ ነህ» ይለናል። ይህን ያስተማረኝ አንድ የተበላሸ የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ስለ ኮምፒዩተር ሲያወራ ብትስቅ አልቀየምህም። እኔ መጻፍ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከቀለም በሚነከር ብዕር ነው። ኮምፒዩተር የለመድሁት ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ቢሆንም በ2003 ዓ.ም. የኪስ መጽሐፍ የምታህል አንዲት ሃርድ ዲስክ ገዝቼ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምጽፈውን ሁሉ በርሷ ላይ አኖር ነበር። የትምህርት ማስታወሻዎቼ፣ የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች፣ ተማሪዎቼ የጻፏቸው ድርሰቶች፣ ከሁሉም በላይ እናቴ ከማረፏ በፊት የትውልዳችንን ነገርና የልጅነቷን ተረት ስትነግረኝ የቀረጽሁት ድምፅ በርሷ ውስጥ ነበሩ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ለምን እንደ ሆነ ብትጠይቀኝ፣ ዕቃው እስከ ዛሬ ስላልተበላሸ ነገም የማይበላሽ መስሎኝ ነበር ከማለት በቀር መልስ የለኝም።

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ማታ ዲስኳን ብሰካት መብራቷ በራ፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ፈዝዞ ቀረ። ከውስጧም አልፎ አልፎ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ነቀልሁና እንደ ገና ሰካሁ። እንዲህ እያደረግሁ ሁለት ቀን አሳለፍሁ። ዘመድና ጎረቤት እየመጣ ሁሉም መድኃኒት አዘዘ። አንዱ «ቀስ ብለህ ምታት» አለኝ፤ ሌላው «በፌስታል ጠቅልለህ በፍሪጅ በረዶ ቤት አሳድራት» አለኝ። ሰው በተጨነቀ ጊዜ ምክር አይመርጥምና በረዶ ቤቱን ልሞክር ተነሥቼ ነበር። ልጄ ግን ከለከለችኝና ዲስኳን ይዤ በመገናኛ ወደሚሠራ አንድ ወጣት የኮምፒዩተር ጠጋኝ ሄድሁ።

ወጣቱ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የተናገረው ቃል «አባባ፣ ከእንግዲህ አይሰኳት» የሚል ነው። ቀጥሎም የተበላሸች አሮጌ ዲስክ ፈትቶ ውስጧን አሳየኝ። እንደ መስተዋት የሚያበራ ክብ ሳሕን አለ፤ ይህ ሳሕን በአንድ ደቂቃ ውስጥ 5,400 ጊዜ፣ በሌሎቹም ዓይነቶች 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። በላዩ ደግሞ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ያለ አንባቢ ክንድ ይመላለሳል። ልዩነቱ፣ የሸክላው መርፌ ሸክላውን ይነካል፤ ይህኛው ግን ሳይነካው በአየር ላይ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት የሰው ጠጕር ውፍረት ለብዙ ሺህ ተከፍሎ የሚገኘውን ያህል ነው። ክንዱ ታምሞ ሳሕኑን የነካው እንደ ሆነ ጽሑፉ የተጻፈበትን ልባስ ይፍቀዋል። እንግዲህ እኔ በሁለት ቀን ውስጥ ዲስኳን እየነቀልሁ በሰካሁ ቍጥር፣ የማድናት መስሎኝ የምወዳትን ነገር በምስማር ስፍቅ ነበር። በረዶ ቤት ባስገባትም ኖሮ፣ ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት ስትወጣ በውስጧ ጤዛ ይቋጠርና የባሰ ጥፋት ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ሲሠራ 50 ታላላቅ ሳሕኖች ነበሩት፤ የያንዳንዱም ሳሕን ወርድ 61 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የዕቃው ክብደት አንድ ቶን ያህል ነበር። ያ ሁሉ ግዙፍ ነገር የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። የኔይቱ የኪስ ዲስክ ግን የዚያን አንድ መቶ ሺህ እጥፍ ትይዛለች። ያን ግዙፍ ዕቃ የሚጠብቁ ባለሙያዎች ነበሩት፤ የኔይቱን የሚጠብቃት ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አቧራ ብቻ ነበር። የምናከማቸው በበዛ መጠን ጥንቃቄያችን ማነሱ የሚያስገርም ነው።

ወጣቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «አባባ፣ ዲስኳ በመካከል ልትሞት ትችላለች። አንድ ነገር ብቻ የሚተርፍ ቢሆን የትኛው እንዲተርፍልዎ ይፈልጋሉ?» እኔም ሳላስብ «የእናቴ ድምፅ» አልሁት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አንተም ወዳጄ፣ ዕቃህ ሳይበላሽ በፊት ራስህን ብትጠይቅ መልካም ነው።

የሥራው አካሄድ እንደሚከተለው ነበር። መጀመሪያ ከታመመችው ዲስክ ላይ ምንም ነገር አይጻፍም፤ ፋይሉም በርሷ ላይ አይፈለግም። ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጡታል፤ የቀረው ፍለጋ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሆናል። ሲገለብጡም፣ አንዱ ሥፍራ አልነበብ ያለ እንደ ሆነ በዚያ ላይ ቆመው አይታገሉም፤ አልፈውት የሚነበበውን አስቀድመው ይሰበስባሉ። አስቸጋሪዎቹ ሥፍራዎች በመዝገብ ተይዘው ይቆዩና መጨረሻ ላይ ቀስ እየተባለ ይመለሱባቸዋል። በአስቸጋሪው ላይ በግድ ቢታገሉ ግን ዲስኳ ትሞትና ደኅናው ክፍል ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሥራው አራት ቀንና አራት ሌሊት ፈጀ፤ በመካከሉም መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ዳሩ ግን የደረሰበት ተመዝግቦ ስለ ነበር ካቆመበት ቀጠለ። ይህን ባየሁ ጊዜ የመምህርነት ዘመኔን አስታወስሁ። ስንት ልጅ አንድ ባልገባው ነገር ላይ አፍጥጬ ይዤው ሌላውን የሚያውቀውን ሁሉ አስረሳሁት!

በአምስተኛው ቀን ወጣቱ ጠራኝ። የእናቴ ድምፅ ከአንዲት ቅጂ በቀር ሁሉ ተገኘ፤ ያችም ቅጂ መካከሏ ላይ ተቆርጣለች። የትውልድ ስም እየቈጠረች መጥታ ከአንድ አያት ስም በኋላ ጸጥ ይላል፤ ከዚያም በሌላ ወሬ ላይ ትገኛለች። የዚያ ጸጥታ ባለዕዳ እኔ ነኝ። ቢሆንም ደስታዬ ታላቅ ነበርና ወጣቱን መረቅሁት። እርሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ያጠፏቸውም መጥተዋል። ስም የላቸውም፤ ቍጥር ብቻ ነው። እኔ አልከፈትኋቸውም፤ ለእርስዎ ለብቻ አድርጌአቸዋለሁ» አለኝ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል እንዳስረዳኝ ላስረዳህ። ኮምፒዩተር አንድን ፋይል አጥፋ ብለው ሲያዙት ፋይሉን አይፍቀውም። የሚያደርገው ከማውጫው ላይ ስሙን አንሥቶ፣ ፋይሉ የያዘውን ሥፍራ «ባዶ ነው» ብሎ መመዝገብ ብቻ ነው። በቤተ መጻሕፍት አንዱን መጽሐፍ ከመዝገቡ ላይ ቢሰርዙት መጽሐፉ ከመደርደሪያው እንደማይነሣ ማለት ነው። በሥፍራው ሌላ መጽሐፍ እስኪገባ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ይኖራል። የማዳኛው ፕሮግራም ደግሞ ማውጫውን ትቶ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ይመለከታል። ፎቶግራፍ የሚጀምርበት የራሱ ምልክት አለው፤ ደብዳቤም እንዲሁ፤ ድምፅም እንዲሁ። ያንን ምልክት ባገኘበት ሁሉ ያነሣዋል። ስሙ ግን በማውጫው ላይ ስለ ነበረ አይመለስም፤ በስም ፈንታ ቍጥር ይሰጠዋል።

ቤቴ ገብቼ እነዚያን ስም የለሽ ፋይሎች አንድ በአንድ እከፍት ጀመር። ብዙዎቹ የማይረቡ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ደብዳቤ ከፍቼ ከወንበሬ ተነሣሁ።

በ2004 ዓ.ም. በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ ፈተና ሳይሰጥ ወጣ። የፈተናው ወረቀት በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ውስጥ ተገኘ። ልጁ «ወድቆ አገኘሁት፤ ላስረክብ ስል ያዙኝ» አለ፤ ማንም አላመነውም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርሁ። ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንዲታገድ ወሰንን፤ ደብዳቤውንም ለበላይ መሥሪያ ቤት የጻፍሁ እኔ ነኝ፤ ግልባጩም ለቤተ ሰቡ ተሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ፈተና በሚባዛበት ክፍል ይሠራ የነበረ ሰው ወረቀት ሲሸጥ ተያዘና ያለፈውን ዓመት ጭምር አመነ። ልጁ ንጹሕ ነበር። ከመምህራኑ ማንም ነገሩን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ልጁ የእገዳው ዘመን ሲያልቅ ወደ ትምህርት አልተመለሰም። እኔም አንድ ማታ ያንን ደብዳቤ ከዲስኬ ላይ አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ትዝ ባለኝ ቍጥር ለራሴ የምሰጠው መልስ ነበረኝ። «ኮሚቴው ተሳሳተ፤ እኔም የኮሚቴውን ውሳኔ ጻፍሁ፤ ከዚህ ሌላ ምን አደረግሁ?» እል ነበር። ይህንንም ብዙ ጊዜ ስላልሁት እውነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ደብዳቤው በፊቴ ተከፍቶ በመጨረሻው ክፍል እንዲህ ይላል፤ «ተማሪው ከቀድሞም ጀምሮ በእጅ አመል የሚታማ ስለ ሆነ ውሳኔው ለሌሎች ትምህርት ይሆናል።»

ይህን ዐረፍተ ነገር ኮሚቴው አልተናገረውም። ልጁ በእጅ አመል መታማቱን እኔ ከማንም አልሰማሁም። የጨመርሁት፣ የደብዳቤው ነገር ቀጭን ስለ መሰለኝና እንዲጠነክር ስለ ፈለግሁ ነው። በቂ ማስረጃ የሌለው ሰው ማስረጃውን በቃል ማወፈር ይወዳል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያችን ዐረፍተ ነገር ረስቼአት ነበር፤ እንዲያውም ረሳኋት ከማለት በላይዋ ላይ ሌላ ጽፌባት ነበር ብል ይሻላል። ዲስክ በላዩ ካልጻፉበት ያለውን እንዳለ ይዞ ይቆያል። የሰው ልብ ግን ሌሊትና ቀን በላዩ ላይ ይጽፋል፤ የሚጽፈውም ለራሱ የሚስማማውን ነው።

በቋንቋችን «አጠፋሁ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ማለቱን ልብ ብለህ ታውቃለህን? የነበረውን እንዳይኖር አደረግሁ ማለት ነው፤ በደልሁ ማለትም ነው። በዚያ ማታ ሁለቱም ትርጉም በአንድነት ገባኝ። እንደ ገና ላጠፋው ብፈልግ መንገዱን ከወጣቱ ተምሬአለሁ፤ በላዩ ሌላ ነገር መጻፍ ብቻ ነው። ይህንን ብታደርግ ማን ያውቃል እያልሁ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሳላውቅ የሠራሁትን አሁን እያወቅሁ ልሠራው ነው፤ ያንጊዜ ለራሴ የምሰጠው መልስ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ በብርቱ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይመጣል። ሰው የሠራውን ስሕተት ሁሉ እያወጣ መኖር አለበትን? መርሳትስ ለሰው የተሰጠ ምሕረት አይደለምን? እንደኔ ጡረታ የወጣ አንድ ወዳጄን ባማክረው «የተቀበረ ነገር አትቈፍር። ያ ልጅ ዛሬ ሰው ሆኖ ይሆናል፤ ረስቶትም ይሆናል። ሄደህ ቍስሉን ብትነካበት ለርሱ ሳይሆን ለራስህ ዕረፍት ፈልገህ ነው» አለኝ። ይህ ቃል ከባድ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። ይቅርታ ለመጠየቅ ከሚሄዱ ሰዎች ብዙዎች የሚሄዱት ሸክማቸውን ከራሳቸው አንሥተው በተበደለው ጫንቃ ላይ ለማኖር ነውና።

ዳሩ ግን ነገሩን ደጋግሜ ካሰብሁ በኋላ በሁለት ሰዎች መካከል ልዩነት እንዳለ ተረዳሁ። የተበደለ ሰው መርሳት መብቱ ነው፤ ቢረሳ ራሱን ያሳርፋል፤ ማንም አስታውስ ሊለው አይገባም። የበደለ ሰው ግን ሌላው ገንዘብ በሆነ ነገር ላይ ሥልጣን የለውም። ያች ዐረፍተ ነገር በኔ ዲስክ ላይ ብትገኝም የኔ ብቻ አይደለችም፤ ስለ ሌላ ሰው ስም የተጻፈች ናት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ስለ ወዳጄ ቃል ያደረግሁት ይህን ነው፤ በድንገት ከቤቱ አልሄድሁም። ልጁን በሚያውቁ የቀድሞ ተማሪዎቼ በኩል «ያንን ጉዳይ የሚመለከት ነገር በእጄ አለ፤ ላገኝህ ትፈቅዳለህን?» ብዬ ላክሁበት። ባይፈቅድ ኖሮ አልሄድም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «ይምጡ» የሚል መልስ ደረሰኝ።

በአዳማ ከተማ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ሆኖ አገኘሁት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠኝና በርጩማ ሰጠኝ። ደብዳቤውን አሳትሜ ይዤ ነበርና ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያም ጣቱን በአንዲት መስመር ላይ አድርጎ «ቲቸር፣ ይህችን ማን ጻፋት?» አለኝ። «እኔ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የፈጠርኋት» አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ሌላው ሁሉ ይሁን ነበር። ወረቀቱ እጄ ላይ ተገኝቷል፤ ቢጠረጥሩኝ አይፈረድባችሁም። ይህችን መስመር ግን እኅቴ ናት ያነበበችው» አለኝ።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። የትምህርቱን ወጪ የምትከፍለው ታላቅ እኅቱ ነበረች። የፈተናውን ነገር ሰምታ «ልጅ ነው፤ ይቀጣና ይመለሳል» ብላ ነበር። «ከቀድሞም ጀምሮ» የሚለውን ባነበበች ጊዜ ግን መምህራኑ እርሷ የማታውቀውን የሚያውቁ መስሏት አዘነች። ዓመቱ ሲያልቅ «ለሌባ ደብተር አልገዛም» አለችው። እርሱም ወደ ብየዳ ሥራ ገባ። እናታቸው በ2010 ዓ.ም. እንደዚያው እያመነች ሞተች። «እናቴ ሳታውቅ ሄዳለች፤ እኅቴ ግን አለች። ከፈለጉ ለርሷ ይንገሩልኝ» አለኝ።

በዚያው ቀን ማታ ከቤቷ ሄድን። ቡና አፍልታ ነበር። እኔም ቁጭ ብዬ፣ ማን እንደ ሆንሁና ምን እንደ ጻፍሁ፣ ልጁም ንጹሕ መሆኑን፣ ይህንንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ነገርኋት። አልቆጣችኝም። ሲኒውን ይዛ ለብዙ ጊዜ ቈየችና ወደ ወንድሟ ሳታይ «አሥራ ሦስት ዓመት በልቤ ሌባ ብዬዋለሁ» አለች። ይህን ስትል እርሱ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ስሸኝ በበሩ ላይ ይቅርታ አድርግልኝ አልሁት። «አስብበታለሁ፤ ቲቸር» አለኝ። እስከ ዛሬም እያሰበበት ነው። የመቸኰል መብት የለኝም።

ለጻፍሁለት መሥሪያ ቤት የእርማት ደብዳቤ በራሴ ስምና ፊርማ ጽፌ አስገባሁ። ጡረተኛ ነኝና ማኅተም የለኝም። አንዱን ግልባጭ ለርሱ ሰጠሁት።

ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት አገኘሁ። የመጀመሪያው፣ የጠፋውን ማግኘትና የተበላሸውን ማቅናት አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተሰባበረች፤ የተሳፈሩት ሰባቱም ሰዎች አለቁ። ስድስት ወር ያህል ቈይቶ ከወደቀው ስብርባሪ ውስጥ ተቃጥሎ የከሰለ አንድ ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ባለሙያዎች አጥበውና ክፍሎቹን ለውጠው ከተጻፈበት 99 በመቶ ያህሉን አዳኑ። ዜኖን በተባለው ጋዝ ላይ በጠፈር የተደረገው ምርምርም በ2008 ለመታተም በቃ። የሰው ብልሃት ከእሳት ውስጥ ጽሑፍ እስከ ማውጣት ደረሰ፤ ሰባቱን ሰዎች ግን አልመለሰም። እኔም ደብዳቤውን አገኘሁ፤ የልጁን የትምህርት ዘመንና የእናቱን እምነት ግን የሚመልስ ፕሮግራም የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሁለተኛው ትምህርት ለእናንተ ለወጣቶች ነው። የኔን ደብዳቤ ያዳነው ዲስኬ የቀድሞ ዓይነት መሆኗና ሞልታ አለማወቋ ነው። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክና አዲሱ ላፕቶፕ የሚሽከረከር ሳሕን የላቸውም፤ ያጠፋችሁትንም ሥፍራ ብዙ ጊዜ ወዲያው ያጸዱታል፤ መመለሱም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በናንተ ላይ ሁለት ነገር ይመጣል። የምትወዱት ነገር ቢጠፋ እንደኔ አታገኙትም፤ የበደላችሁትን ብታጠፉም እንደኔ መልሶ የሚያሳያችሁ አይኖርም። የመጀመሪያውን በጥንቃቄ መከላከል ይቻላል። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው አንድ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ ከቤትህ ውጭ ይቀመጥ ይላል። ይህ አሳብ በአገራችንም ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ በየገዳሙና በየአድባራቱ የነበሩ ከ8,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀመጥ ተደርጓል። አንዱ ቦታ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። እኔም አሁን የእናቴን ድምፅ በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ ትክክል ናችሁ።

ለሁለተኛው ግን የሚረዳ ዕቃ የለም። የራሱን በደል የሚመዘግብ ራሱ ባለቤቱ ብቻ ነው። ከብራና መጻሕፍት አንዳንዶቹን የተመለከተ ሰው፣ የቀድሞው ባለመጽሐፍ ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ስም ተጽፎ ያገኛል። ብዙ ጊዜም ፍቀቱ ራሱ ይታያል፤ ቆዳው ሳስቶ ቀለሙም ደብዝዞ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ለመደበቅ መፈለጉን ይመሰክራል።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንጽፍ የተሳሳትነውን ቃል በምላጭ እንፍቅ ነበር። ወረቀቱም ይበሳ ነበር። መምህራችን አንድ ቀን ምላጩን ከእጄ ተቀብሎ እንዲህ ሲል አሳየኝ፤ በስሕተቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረ፤ ስሕተቱ እንደ ተነበበ ሆኖ ከበላዩ ትክክለኛውን ጻፈ። «የምትማረው ሁለቱን አብረህ ስታይ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ያህል የተማሪዎችን ደብተር በዚህ አኳኋን ሳርም ኖርሁ። በራሴ ደብዳቤ ላይ ግን የተጠቀምሁት በምላጭ ነበር።

ልጆቼ ሆይ፤ ስትሳሳቱ አትፋቁ፤ አርሙ። ከበደላችሁት ሰው ጋር ያለውን ነገርም ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ እናቱም በሕይወት ሳለች አቅኑ። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉትን እኔ በደረቀና በራቀ ጊዜ ተረዳሁት። ያ ደብዳቤ ዛሬ በሦስቱም ቅጂዎቼ ውስጥ ከእናቴ ድምፅ ጋር ተቀምጧል። አሁን ስም አውጥቼለታለሁ፤ እርማቱም አጠገቡ አለ።